እንጀራ ይሆናል ወይ?

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው። ወረታ ከተማ፣ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቦታ ብዙም ሳይርቅ፣ አንዲት ቁርስ ቤት ውስጥ ከአጎቴ ጋር ተቀምጫለሁ። አጎቴ የፎገራ ገበሬ ናቸው። ሽንኩርታቸውን የሚጭንላቸው አይሱዙ “መጣሁ፣ መጣሁ” እያለ ከንጋት ጀምሮ ያስጠብቃቸዋል። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለለቅሶ ሄጄ፣ እሳቸውን አጅቤ ሻይ እጠጣለሁ።

ግድግዳው ላይ ከፍ ብሎ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አለ። ያወራል፤ የሚሰማው የለም። በመሀል ዜናው ወደ ውጭ አገር ተሻገረና መስኮቱ በሙሉ በረዶ ሆነ። ሩሲያውያን ደቡብ ዋልታ ላይ፣ አንታርክቲካ በሚባለው አህጉር፣ 3,769 ሜትር በረዶ ሰርስረው ከሥሩ ተሸሽጎ ከኖረ ሐይቅ ደረሱ ተባለ። የሐይቁ ስም ቮስቶክ ነው።

ከጎናችን ፍርፍር ቀርቦለት የሚበላ ሰው ነበር። የኮቱ ኪስ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቷል። የተማረ መሆኑ ከሩቁ ያስታውቃል። የያዘውን ጉርሻ ሳይውጥ፣

“ጥጋብ ነው!” አለ። “ሰው በጠኔ በሚያልቅበት ዓለም እነሱ በረዶ ይበሳሉ። ቆይ አሁን ይኼ እንጀራ ይሆናል?”

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። አስተናጋጇ ሳቀች። ሊስትሮው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ይህንን የምጽፈው፣ ልንገራችሁ፣ በዚያ ሳቄ እስከ ዛሬ ስለማፍር ነው።

ያልሳቁት አጎቴ ብቻ ነበሩ። ወደ ቴሌቪዥኑ አንጋጠው ጥቂት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“ውኃው የሚጠጣ ነው ጨው?” አሉኝ።

አላውቅም ነበር። “ይተዉት አያ፣ የፈረንጅ ነገር ነው” ብዬ አለፍኳቸው።

አጎቴ ለምን እንደጠየቁኝ ለማወቅ ቤታቸው ያለውን ጉድጓድ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚያው ዓመት ሩዙ ከተሰበሰበ በኋላ ለሽንኩርት መስኖ የሚሆን ጉድጓድ አስቆፍረው ነበር። መጀመሪያ ያው የምናውቀው ዋልካ ነው የወጣው። ክረምት እግር የሚውጥ፣ በጋ ተሰነጣጥቆ የበግ ግልገል የሚውጥ ጥቁር አፈር። ዝቅ ሲሉ ግን ግራጫ፣ እንደ ቅቤ የሚያንሸራትት ጭቃ መጣ። ከጭቃው ውስጥ ደግሞ የጣት ጥፍር የምታክል፣ ነጭ የቀንድ አውጣ ዛጎል። አንድ ብቻ አይደለም፣ ብዙ። አጎቴ አንዷን አጥበው የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጧት። እኔ በሄድኩ ጊዜ አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሯትና፣

“ይቺ የውኃ ናት። ሐይቁ እኮ ከዚህ በእግር ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስዳል። ማን አመጣት?” አሉ።

“ጎርፍ ይሆናላ!” አልኳቸው።

“ጎርፍ ሰባት ሜትር መሬት ውስጥ ገብቶ ያስቀምጣታል?”

ያን ቀን ዝም ነው ያልኩት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ ጋዜጣ ላይ ስሜ እየወጣ፣ ፊደል ያልቆጠሩ ገበሬ የጠየቁኝን ጥያቄ “ጎርፍ ነው” ብዬ ገፋሁት። ባለ ሁለት እስክሪብቶው ሰውዬ “እንጀራ ይሆናል ወይ?” ሲልም የሳቅሁት በዚያው አፌ ነው።

እናላችሁ፣ አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ ነገሩ አላስተኛ አለኝ። ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ቮስቶክ ልፈልግ የገባሁ ሰው፣ ያገኘሁት ጣናን ሆነ።

ጣና ስንል የምናየው ከላይ ያለውን ውኃ ነው። ያ ውኃ ስፋቱ ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢደርስም ጥልቅ ነው የተባለው ቦታ እንኳ ከ14 ሜትር ብዙ አይበልጥም። የአጎቴን ጉድጓድ ሁለት እጥፍ ማለት ነው። ከውኃው ሥር ያለው ደለል ግን ከውኃው ብዙ እጥፍ ይወርዳል። ተመራማሪዎች ከጀልባ ላይ ድምፅ ወደ ታች እየላኩ ማሚቶውን አዳመጡ። እናቶቻችን ጠላው ምን ያህል እንደቀረ ለማወቅ ጋኑን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ያዳምጡ የለ? ልክ እንደዚያ። ደለሉ እንደ ደራረብነው ቆጮ ንብርብር ሆኖ ተገኘ፤ በመሀሉ ግን ጠንከር ያለ፣ ድምፁን መልሶ የሚያነጥር ንጣፍ አለ። ከዚያ ቧንቧ አውርደው ጭቃውን በቁሙ አወጡት።

ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2007 ታተመ። ከጸሐፊዎቹ መካከል የዌልሱ ሄንሪ ላምብ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ኡመርና የዓሣ ተመራማሪው እሸቴ ደጀን ይገኙበታል። ስለዚህ “የፈረንጅ ነገር” ብዬ ለአጎቴ የሰጠሁት መልስ በዚህም በኩል ውሸት ነበር።

ጥናቱ ምን አለ? ጣና ደርቆ ነበር አለ።

ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ጣና፣ የዓባይ ምንጭ የምንለው፣ ገዳማቱን በደሴቶቹ ያቀፈው፣ አያቶቻችን ጫፉን አናይም ያሉት ሐይቅ፣ ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። የአሁኑ ጥልቅ ቦታ ላይ፣ ከለስላሳው ደለል ግርጌ፣ የረግረግ ብስባሽ ተገኘ። የሐይቁ እምብርት የደንገል ረግረግ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ታንኳ የምንሠራበት ደንገል፣ ዛሬ ትልልቁ ጀልባ በሚያልፍበት መሀል ሐይቅ በቅሎ ነበር። ቀጥሎ ውኃው ቀስ በቀስ ሞላ፤ መውጫ ግን አልነበረውምና ፀሐይ እየመጠጠው ጨው ቢጤ ሆነ። ይህንን ያወቁት በማይክሮስኮፕ ካልሆነ የማይታዩ፣ ዲያቶም ከሚባሉ ደቂቅ የውኃ ዕፅዋት ቅሪት ነው። ጨው የሚወድደው ዓይነት ለብቻው ነው፣ ጨው የሚሸሸው ለብቻው። ከ14,750 ዓመት ገደማ በፊት ግን ሐይቁ ሞልቶ ፈሰሰ። ዓባይ ከጣና መውጣት የጀመረው፣ ቢያንስ የአሁኑ ዙር፣ ያን ጊዜ ነው። ከዚያም በኋላ ሐይቁ ሁለት ጊዜ ያህል መልሶ እንደቀነሰ ምልክቶች አሉ።

በዚያው በድርቁ ዘመን ቪክቶሪያ ሐይቅም ደርቆ ነበር። ነጩም ጥቁሩም ዓባይ ከዋና ዋና ምንጮቻቸው ተቆርጠው ነበር ማለት ነው። በውኃው የሚከራከሩት አገሮች ሁሉ ቢሰሙት ክርክራቸው ትንሽ ጋብ ይል ነበር እላለሁ፤ ግን የማንም ጠረጴዛ ላይ አይቼው አላውቅም።

የአጎቴ ዛጎል እንግዲህ ከዚህ ተረት የሚመስል እውነት ውስጥ የተፈናጠረች ናት። የፎገራ ሜዳ ሐይቁ ወጣ ገባ ሲል፣ ርብና ጉማራም ከጉና በኩል አፈር ተሸክመው ሲወርዱ ያነጠፉት ምንጣፍ ነው። እኛ ሜዳ የምንለው አሮጌ የሐይቅ ዳር ነው። ሰውዬው ሩዝ የሚዘሩት በጣና ጓሮ ሳይሆን በጣና ፍራሽ ላይ ነው።

“እና ቢደርቅስ? ከ17,000 ዓመት በፊት የሆነ ነገር ለእኔ ምኔ ነው?” የሚል አለ። ለእሱ ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በ1995 ዓ.ም. የጣና ውኃ በጣም ወርዶ ጀልባዎች ለወራት ቆመው ነበር። ዝናቡ አንሶ ነበር፤ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ሲባል የተለቀቀው ውኃም ብዙ ነበር። ከሐይቁ የሚወጣው ውኃ ከ1988 ዓ.ም. ወዲህ በጨረጨራ ግድብ በሰው እጅ የሚለቀቅና የሚያዝ ነውና፣ ነገሩ የሰማይ ብቻ አልነበረም። ውኃው ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎ ዳሩን አረሰ። ምን ያድርግ? መሬት ጠቦታል። ሦስት ዓመት ሳይቆይ፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት መጨረሻ፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ፎገራ ባሕር ሆነ። አጎቴ በዚያ ጎርፍ ሁለት ጥጃና የአንድ ዓመት ቀለብ አጥተዋል። ቤተሰቡ ከነሕፃናቱ ትምህርት ቤት ተጠግቶ ሰነበተ።

ይኼ ሐይቅ እስከ የት ይወርዳል? እስከ የት ይወጣል? አንድ ሰው በሕይወቱ ሁለቱንም ጫፍ አያይም። አያቱን ቢጠይቅ መቶ ዓመት ያገኛል፤ ከዚያ ወዲያ የሚጠየቀው ጭቃው ብቻ ነው። ጭቃውን “እንጀራ ይሆናል ወይ?” ብለን ካሳቅንበት፣ የቀረን ሽማግሌ የለም።

ወደ በረዶው ልመለስ፤ ምክንያቱም በረዶውም ያው ሽማግሌ ነው። ቮስቶክ ሐይቅ ርዝመቱ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ስፋቱ አራት ጣና ይሆናል፤ ጥልቀቱ በአማካይ ከ400 ሜትር በላይ ነው። ከላይ የተጫነው በረዶ ወደ አራት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከወረታ መናኸሪያ ተነስታችሁ ለአንድ ሰዓት ያህል በእግራችሁ ሂዱና ያንን መንገድ ወደ ታች አቁሙት። ከበረዶው ላይ ያለው የሶቪየት ጣቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 21 ቀን 1983 ከዜሮ በታች 89.2 ዲግሪ የመዘገበ ነው። ውኃው ግን ከሥር አልረጋም። የበረዶው ክብደት ይጫነዋል፤ ከመሬት ሆድ የሚወጣው ሙቀት ያሞቀዋል፤ በረዶው ራሱ ደግሞ እንደ ጋቢ ብርዱን ይከለክልለታል። እንዲህ ሆኖ ለሚሊዮኖች ዓመታት ብርሃን ሳያይ እንደኖረ ይገመታል።

እዚያ ሐይቅ ይኖር ይሆን ብለው የጠረጠሩት አንድሬ ካፒትሳ የሚባሉ የሶቪየት የጂኦግራፊ ሊቅ የበረዶውን ማሚቶ ያዳመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 እና በ1964 ነው። ያው የጋኑ ዘዴ። በ1970ዎቹ ከአውሮፕላን በራዳር ታየ፤ በ1996 ተረጋገጠ፤ በ2012 ተደረሰበት። ከመጠርጠር እስከ መድረስ ከ50 ዓመት በላይ። እኛ አገር ለ50 ዓመት ሳይፈርስ የቆየ መሥሪያ ቤት ቁጠሩ ብባል ጣቶቼ ይበቁኛል።

በመንገድ ላይ ያገኙት ነገር ደግሞ ከሐይቁ ይብሳል። በረዶው ሲጥል አየር ይዞ ይረጋል፤ በየንብርብሩ ውስጥ የዚያ ዘመን አየር በጥቃቅን አረፋ ታሽጎ ይኖራል። ከቮስቶክ ጉድጓድ የወጣው በረዶ የ420,000 ዓመት አየር ነበረው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1999 ሲታተም፣ በዚያ ሁሉ ዘመን ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ ከ300 በላይ ወጥቶ እንደማያውቅ ታየ። ዛሬ ከ420 በላይ ነው። ፋብሪካ አይተው የማያውቁት አጎቴ፣ መኪና የላቸው፣ አውሮፕላን አልተሳፈሩ፣ ሰማዩ ተለውጦባቸው እንደሆነ የሚመሰክርላቸው ማን ይመስላችኋል? “ጥጋብ ነው” የተባለው በረዶ ነው። አንድ ቀን ባለፋብሪካዎቹን የሚከስ ቢገኝ ምስክሩ ከዚያ ጉድጓድ ነው የሚወጣው።

አንድ ተቃውሞ ግን አከብራለሁ። የእኛን ቁርስ ቤት ሳቅ ዓይነት ሳይሆን ከራሳቸው ከሳይንቲስቶቹ የመጣ ነው። ሩሲያውያኑ ጉድጓዱ እንዳይገጥም ኬሮሲን ሞልተውበት ነበር። ለሚሊዮኖች ዓመት ያልተነካ ውኃ ውስጥ ላምባ ልትደፉ ነው ወይ ተባሉ። ቁፋሮው እ.ኤ.አ. በ1998 ከሐይቁ በላይ ወደ 130 ሜትር ገደማ ሲቀረው ቆሞ ለዓመታት የቆየው በዚህ ስጋት ነው። በመጨረሻም በ2012 ሲደርሱ የሐይቁ ውኃ በራሱ ግፊት ወደ ላይ ወጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲረጋ ነው ያደረጉት፤ እንዲያም ሆኖ ናሙናው በላምባ መነካካቱ ብዙ ክርክር አስነስቷል። እኔ ክርክሩን ወድጄዋለሁ። አጎቴም ጉድጓዳቸው አፍ ላይ ጭቃ በተሸከመ ጫማ የሚቆም ልጅ ሲያዩ ዱላ ያነሣሉ። አትቆፍር ግን አይሉም። ታጠብ ነው የሚሉት።

ታጥበው የቆፈሩም አሉ። እንግሊዞች ኤልስዎርዝ ወደሚባል ሐይቅ በፈላ ውኃ በረዶውን እያቀለጡ ሊወርዱ ሞክረው፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2012 መሣሪያው እንቢ ቢላቸው ሥራውን አቁመው ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ጉድጓድ ያልወጣለት ገበሬ ስሜቱን ያውቀዋል። አሜሪካኖቹ ግን ከአንድ ወር በኋላ 800 ሜትር ያህል በረዶ በተጣራና ጀርም በተገደለበት የፈላ ውኃ በስተው ዊላንስ ከሚባል ሐይቅ ደረሱ። ውኃውን ቀድተው ቢያዩት ሕይወት አለበት። ፀሐይ አይቶ የማያውቅ፣ ከድንጋይና ከደለል በሚያገኘው ማዕድን የሚኖር ደቂቅ ነፍስ፣ በአንዲት ጠብታ በሺዎች።

ይኼ እንጀራ ይሆናል ወይ? አይሆንም። አይሁን! ፀሐይ በሌለበት፣ ብርድ በጸናበት፣ ከበረዶ ሥር ነፍስ መኖሯን ማወቅ በራሱ ደስ አይልም? ልጆቻችን ሰማይ አንጋጥጠው ጨረቃ ላይ ሰው አለ ወይ ሲሉን “እራትህን ብላ” የምንል ሰዎች ነን። ልጁ እራቱን በልቶ ይተኛል። ጥያቄውም አብሮት ይተኛል። ከ20 ዓመት በኋላ የኮት ኪሱ ላይ ሁለት እስክሪብቶ ሰክቶ ቁርስ ቤት እናገኘዋለን።

ባለ ሁለት እስክሪብቶውን ሰው ያኔ ያልመለስኩለትን ዛሬ ልመልስለት። ወንድሜ፣ መጀመሪያ ነገር በዋልታ የሚፈሰው ገንዘብ ወደ ፎገራ ሊመጣ መንገድ ላይ የተጠለፈ ገንዘብ አይደለም። በረዶው ባይበሳ ኖሮ ለአጎቴ የውኃ ሞተር ይገዛ ነበር የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። የድሃ እንጀራ የት እንደሚሄድ ማወቅ ከፈለግህ ቅርብ ፈልግ። እኔ አንድ ጊዜ ስለ ምግብ ዋስትና የተጠራ ዓውደ ጥናት ላይ ተገኝቼ ነበር። ሁለት ቀን፣ በሐይቅ ዳር ሆቴል። ምሳው ላይ ሦስት ዓይነት ሥጋ ነበረ። የረሃቡ ነገር የተነሣው ከአበሉ ዝርዝር በኋላ ነው፤ እሱም ሰዓት ስላለቀ ለሌላ ዓውደ ጥናት ተላለፈ። ያን ቀን “ይኼ እንጀራ ይሆናል ወይ?” ያለ አልነበረም። ለእኛ ሆኖልን ነበራ!

ሁለተኛው ነገር ደግሞ ያችው የያዝካት ጉርሻ ናት።

ወረታ ያለች ቁርስ ቤት የምታቀርበው ፍርፍር ከምን እንደሚሠራ አገሬው ያውቃል። ጤፉ ለብቻው አይጋገርም፤ ሩዝ ይገባበታል። እንጀራው ነጣ፣ ለስለስ የሚለው ለዚያ ነው። ሰውዬው ሐይቅ ፍለጋን የሰደበው በሩዝ እንጀራ አፉን ሞልቶ ነው። ታዲያ ሩዝ ፎገራ ምን ይሠራል? የአያቶቻችን እህል አይደለም። ክረምት ውኃ የሚተኛበት፣ ከብት የሚሰማራበት ረግረግ ላይ የዱር ሩዝ ይበቅል ነበር። ላሟ ትግጠዋለች፣ እረኛው ይረግጠዋል፣ ስም የሰጠውም የለም። “ይኼ ሣር ምንድን ነው?” ብሎ ጎንበስ ያለ ሰው መጣ። ያ ጥያቄ ያን ጊዜ እንጀራ አልነበረም፤ ቁርስ ቤት ቢወራ ይሳቅበት ነበር። የዱሩ ካለ የሰው ዘሩስ አይሆንም ወይ ተባለና በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጅግናና ሻጋ ላይ ከገበሬ ማኅበራት ጋር ሞከሩት። አጎቴ ጎልማሳ ነበሩ። “የወፍ ቀለብ ነው ብለን ነበር” ይላሉ ራሳቸው። ዛሬ አገሩን ያለበሰው ዝርያ ኤክስ ጅግና ይባላል፤ በዚያችው ጅግና ስም። ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም ወረታ ላይ ነው የተተከለው።

ሁሉ መልካም ሆነ አልልም። ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር የፎገራ ከብት፣ ያ ነጭና ጥቁር፣ ወተቷ የተመሰገነ ላም፣ እየተመናመነ ሄደ። አጎቴ ስለ ሩዝ ሲያወሩ በኩራት ጀምረው ስለ ላሞቻቸው ሲደርሱ ዝም ይላሉ። ማወቅ ዋጋ ያስከፍላል። አለማወቅ ግን ዋጋውን ሳይነግር ነው የሚያስከፍለው፤ እምቦጩን አየነው አይደል? በ2004 ዓ.ም. ግድም የሐይቁ ዳር ላይ ጥቂት አበባ ሆኖ ሲታይ “አበባ ነው” ብለን አለፍን። ኋላ ከፎገራ እስከ ደምቢያ ሰው ሁሉ ወገቡ ድረስ ውኃ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ዋለ።

አሁን ደግሞ እኛን፣ የተማርን የምንባለውን፣ እንድወቅስ ፍቀዱልኝ። የጣና ጭቃ ምን እንዳለ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የሚያስፈልገው ለአጎቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ወደ 90 ሜትር ከሚጠጋ የጣና ደለል የ150,000 ዓመት የአየር ንብረት ታሪክ ተነበበ፤ የሰው ዘር ከአፍሪካ መቼ መቼ ሊወጣ እንደቻለ የሚያሳይ ሆኖ በዓለም ተነገረ። እኔ ፎገራ ውስጥ የሰማ ሰው አላገኘሁም። በሐይቁ ዙሪያ ያለ ተማሪ የሐይቁን ስፋት ሸምድዶ ይፈተናል፤ ሐይቁ ደርቆ እንደነበር ሳይሰማ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ይጨርሳል። “እንጀራ ይሆናል ወይ?” የሚለው ሳቅ የሚፈላው እዚህ ክፍተት ላይ ነው። ሰው ያልነገሩትን ነገር አክብሮ አያውቅም። ስለዚህ ሰውዬው ብቻውን አይደለም ጥፋተኛ፤ ዛጎሏን “ጎርፍ” ያልኩት እኔ ከእሱ እብሳለሁ። እሱ ቢያንስ ስለ ሩቅ አገር ነው የሳቀው።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ሩዝ ታጭዶ ሳያልቅ፣ ወደ ወረታ ተመለስኩ። አጎቴ አውድማ ዳር ተቀምጠው አገኘኋቸውና አንድ በአንድ ነገርኳቸው። መድረቁን፣ ደንገሉን፣ ጨውነቱን፣ መልሶ መሙላቱን። የዋልታው ሐይቅም የሚጠጣ ዓይነት ውኃ ነው ተብሎ እንደሚገመት፣ ጨው የቀመሰው የእኛው ጣና እንደነበር ነገርኳቸው። ምንም ሳያቋርጡ ሰሙኝ። አንድ ሁለቴ “ኧረ በሥላሴ!” ብለዋል። ሲያበቃ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው፣

“ስንት ክረምት ቢቀር ነው የደረቀው?” የሚል ነበር።

አላውቅም አልኳቸው። በአንድ ጊዜ ይሁን ቀስ በቀስ፣ በአንድ ሰው ዕድሜ ይሁን በመቶ ሰው፣ አላውቅም።

“የቆፈሩት ያውቃሉ?”

“እነሱም ገና እየቆፈሩ ነው።”

“ታዲያ ይቆፍሩ እንጂ!” አሉ፤ ተቆጡ። “ምን ይጠብቃሉ?” ከዚያ ተነስተው ወደ ቤት ገቡና የክብሪት ቀፎዋን ይዘው ወጡ። “ይቺን ለነዚያ ሰዎች ስጣቸው። ዕድሜዋን ይንገሩኝ።”

ቀፎዋ ጠረጴዛዬ ላይ ነበረች። አንድ መሥሪያ ቤት ወስጄ ነበር፤ የተቀበለኝ ሰው ዛጎሏን ገልብጦ አየና “ምን ያደርግልሃል?” ብሎ መለሰልኝ። ሌላ ቦታ ደግሞ ደብዳቤ አጽፍ ተባልኩ። ከማን እንደማጽፍ ግራ ገብቶኝ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አጎቴ ናቸው። ውኃው ስለሸሸባቸው ጉድጓዱን አንድ ሜትር ተኩል ዝቅ አድርገውታል።

“ስማ፣” አሉኝ ሰላምታም ሳያስቀድሙ፣ “ዛጎሉ አለቀ። ከሥሩ ጥቁር፣ የበሰበሰ ሣር የመሰለ ነገር መጣ፤ ስታሸተው ይሸታል። በጆንያ አስቀምጬልሃለሁ። መቼ ትመጣለህ?”